የአፓርታማ ግንባታ በጀት፦ መጠኑ ይቅደም፣ ዋጋው ይከተል

ሥራዬ ልኬት ነው። መሐንዲሱ የሠራውን ፕላን ተቀብዬ ስንት ሜትር ኩብ አርማታ፣ ስንት ኪሎ ብረት፣ ስንት ካሬ ልስን እንደሚወጣው እቆጥራለሁ። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው፤ «ካሬው ስንት ይፈጃል?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ የትኛው ካሬ?

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስል አንድ ሕንፃ እናስብ። 10 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ፣ የምድር ወለሉን ጨምሮ አምስት ወለል ያለው፣ በየወለሉ ሁለት መኖሪያ የያዘ። የአንዱ ወለል ስፋት 200 ካሬ ሜትር፣ ጠቅላላው 1,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። ደረጃው፣ መተላለፊያው፣ የአሳንሰሩ ጉድጓድና የቧንቧ መውረጃው በየወለሉ 30 ካሬ ሜትር ይወስዳሉ እንበል፤ ግድግዳዎቹ ደግሞ 20። ለኑሮ የሚተርፈው 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ለእያንዳንዱ ቤት 75። ሥራ ተቋራጩ ዋጋ የሚሰጠው በ1,000ው ነው፤ ሰው የሚኖረው ግን በ750ው ውስጥ ነው። ስለዚህ በካሬ 3 ተብሎ የተነገረዎት ወጪ በሚኖሩበት ካሬ ሲሰላ 4 ይሆናል። በጋራ ሆነው በሚገነቡ ሰዎች መካከል የሚነሣው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህች ልዩነት ይጀምራል፤ አንዱ በጠቅላላው ካሬ፣ ሌላው በተጣራው ካሬ እያሰበ ለወራት አብረው ይሰበሰባሉ። ድርሻው በየትኛው ካሬ እንደሚከፈል ገና ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይስፈር።

የካሬ ዋጋ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ልጀምር ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ለመወሰን ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ግን በጀት አይባልም። በጀት ማለት የእያንዳንዱ ሥራ መጠን፣ የእያንዳንዱ ሥራ ነጠላ ዋጋና የሚሠራበት ጊዜ አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው። ከሦስቱ ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ ጊዜም ይንሸራተታል። መጠን ግን ፕላኑ እስካልተነካ ድረስ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ የሚጨበጠውን አስቀድሞ መያዝ ይሻላል፤ ዋጋ ሲቀየር አንዲት ዓምድ ብቻ ታርሞ ሥራው ይቀጥላል።

ከመቁጠር በፊት

ሙሉ ፕላን ማለት አራት ጥራዝ ነው፤ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር (ሕንፃውን የሚሸከመው አጽም)፣ የሳኒተሪ (የውሃና የፍሳሽ) እና የኤሌክትሪክ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ዋጋ ያስጠናል፤ ዓይን የሚስበው እሱ ስለሆነ ነው። ብረቱ ያለው ግን በሁለተኛው ውስጥ ነው። ስትራክቸሩ ሳያልቅ የተሰጠ ዋጋ፣ የሰጠው ሰው ምንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ ግምት ነው።

ከስትራክቸሩም በፊት የአፈር ምርመራ አለ። በስፋት የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው፤ ጉድጓድ ይቆፈርና 63.5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ የናሙና መውሰጃው ቱቦ 30 ሴንቲ ሜትር ለመጥለቅ ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። ምቱ ጥቂት ከሆነ አፈሩ ልል ነው፤ ከበዛ ጽኑ ነው። በየምሰሶው ሥር ለየብቻ የሚቀመጥ መሠረት ይበቃ እንደሆነ፣ ወይም መላውን ወለል የሚሸፍን አንድ ወፍራም አርማታ ያስፈልግ እንደሆነ፣ ወይም ወደ ጥልቁ የሚወርድ ፓይል ግድ ይሆን እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ነው። በሦስቱ መካከል ያለው የወጪ ልዩነት የአንድ ሙሉ ወለል ሥራን ያህል ሊሆን ይችላል። ምርመራው ካልተደረገ መሐንዲሱ ለጥንቃቄ ሲል መሠረቱን ያገዝፈዋል፤ ይህም በዝምታ የሚከፈል ገንዘብ ነው። «የጎረቤቴ አፈር ጥሩ ነበር» የሚል ማስረጃ በእኔ ዘንድ ተቀባይነት የለውም፤ ትልቅ ከተማ ውስጥ ጎረቤትዎ የሠራው በድሮ መሬት ላይ፣ እርስዎ ደግሞ በተደለደለ ጉድጓድ ላይ ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሰሶ ስንት ያስወጣል?

አቆጣጠሩ የሚገባው ከአንድ ምሰሶ ሲጀመር ነው። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ምሰሶ እንውሰድ።

አርማታው 0.40 ሲባዛ በ0.40 ሲባዛ በ3፣ ማለትም 0.48 ሜትር ኩብ ነው። ፎርምወርክ የምንለው የጣውላ ወይም የላሜራ ቅርጽ ደግሞ አራቱን ጎን ይሸፍናል፤ ዙሪያው 1.60 ሜትር ስለሆነ በቁመቱ ሲባዛ 4.8 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ወደ ብረቱ እንምጣ። የአንድ ሜትር ብረት ክብደት በኪሎ ለማወቅ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛትና ለ162 ማካፈል ነው። ባለ 16 ብረት 1.58 ኪሎ፣ ባለ 8 ብረት 0.395 ኪሎ ይመጣል። ምሰሶው ስምንት ባለ 16 ብረት ቢኖረው፣ እያንዳንዱ ብረት ከምሰሶው ቁመት በተጨማሪ ከላይኛው ወለል ብረት ጋር የሚደራረብበት ርዝመት ያስፈልገዋል። መደራረቢያው የብረቱን ውፍረት 50 እጥፍ ከሆነ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ስምንት ጊዜ 3.80 ሜትር 30.4 ሜትር ነው፤ በክብደት 48 ኪሎ። ስታፋው፣ ማለትም ቋሚዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው የብረት ቀለበት፣ ባለ 8 ሆኖ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ከተቀመጠ 21 ይሆናል፤ የአንዱ ርዝመት ከነመቆለፊያው 1.60 ሜትር ቢሆን ጠቅላላው 33.6 ሜትር፣ በክብደት 13.3 ኪሎ ነው። መሐንዲሱ ውስጠኛ ስታፋ ካዘዘ እሱ ለብቻው ይጨመራል። ሲደመር 61 ኪሎ ገደማ። ለአንድ ሜትር ኩብ አርማታ ሲመለስ ወደ 128 ኪሎ ብረት ማለት ነው። ዋጋ ሰጪው በሜትር ኩብ 80 ኪሎ ብሎ አስልቶ ከሆነ አሁን ያውቁበታል።

እዚህ ላይ ከመሥሪያ ቦታ እንጂ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ልጨምር። ብረት በብዛት የሚሸጠው በ12 ሜትር ነው። ከአንዱ ብረት 3.80 ሜትር ሦስት ጊዜ ሲቆረጥ 60 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። ይህ ቁራጭ ከብረቱ 5 በመቶ ነው፣ ዕጣውም አብዛኛውን ጊዜ ከቁርጥራጭ ክምር መግባት ነው። በ4 ሜትር ቢቆረጥ ግን አንድም አይተርፍም፤ መደራረቢያው ወደ አንድ ሜትር ያድጋል፣ የሚገዛው ብረትም ያው ነው። ፎርማኑ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የአቆራረጥ ሠንጠረዥ እንዲያቀርብ ይጠይቁ። ይህ ሠንጠረዥ ያለበት ሥራና የሌለበት ሥራ የብረት ብክነታቸው አይገናኝም።

ሕንፃችን በየወለሉ አሥራ ሁለት ምሰሶ ቢኖረው በአምስት ወለል 60 ምሰሶ ነው። መጠናቸው እስከ ላይ ካልተለወጠ 28.8 ሜትር ኩብ አርማታ፣ 3.7 ቶን ገደማ ብረትና 288 ካሬ ሜትር ፎርምወርክ ይመጣል። ነገር ግን 288 ካሬ ሜትር ጣውላ አይገዛም፤ የአንዱ ወለል 57.6 ካሬ ሜትር ተሠርቶ አምስት ጊዜ ይገለበጣል። ለተሰበረውና ለተጣመመው ምትክ፣ ጣውላውን ለሚያጠነክረው እንጨት (ሞራሌ) እና ለምስማሩ ጭማሪ ይያዛል። የፎርምወርክ ነጠላ ዋጋ ሲቀርብልዎ «ስንት ጊዜ ይገለበጣል ብለህ ነው ያሰላኸው?» ብለው ይጠይቁ። የዋጋው ልብ እሱ ነው።

ሶሌታውን፣ ማለትም የወለሉን የአርማታ ንጣፍ፣ በተመለከተ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው 200 ካሬ ሜትሩ 30 ሜትር ኩብ አርማታ ይጠጣል። በአንድ ሜትር ኩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶ ቢገባ ሰባት ኩንታል ሳይሆን ሰባት የ50 ኪሎ ከረጢት ነው፤ ይህን የሚያምታቱ አሉ። ለአንድ ሶሌታ 210 ከረጢት ይሆናል። ውሃውም የበጀት ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ደፍ አብራምስ እ.ኤ.አ. በ1918 እንዳሳየው የአርማታ ጥንካሬ በዋናነት የሚወሰነው በውሃና በሲሚንቶ ጥምርታ ነው። ሠራተኛው አርማታው እንዲፈስለት ሁለት ባልዲ ውሃ ሲጨምር የከፈሉበትን ሲሚንቶ ጉልበት ነው የሚያጥበው። አርማታው ከተሞላ በ28 ቀን ሲፈተን የናሙናው ጥንካሬ ጎድሎ ከተገኘ የማፍረሱና የማጠናከሩ ወጪ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አልተያዘም።

የግድግዳ ስሌት ቀላል ነው። 40 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት ከነሞርታሩ ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ያህል ይበቃል፤ በርና መስኮቱ ይቀነሳል፣ ለስብራት ጥቂት ይታከላል። ሰው የሚስተው ልስኑን ነው። አንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ሁለት ፊት አለው፤ ስለዚህ ልስኑም ቀለሙም ሁለት ካሬ ሜትር ነው። የበርና የመስኮት ጉንጮች ደግሞ በዚህ ላይ ይመጣሉ።

ዋጋ ሲጠይቁ

ለእያንዳንዱ ዕቃ ቢያንስ ሦስት ዋጋ ይሰብስቡ፤ ከእያንዳንዱ ዋጋ ጎን ቀኑን፣ ግብር መጨመር አለመጨመሩን፣ ማጓጓዣና ማውረጃ ማካተት አለማካተቱን ይጻፉ። እነዚህ ያልተጻፉበት ዋጋ ከሌላ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ርካሽ መስሎ የመጣው አቅራቢ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው አንዱን ስላላነሣ ነው።

አሸዋ ለብቻው ይነገር። እርጥብ አሸዋ ያብጣል። በመጠኑ ሲርስ ቅንጣቶቹ በውሃው እየተያያዙ ይራራቃሉ፣ ይዘቱም እስከ ሩብና ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል። በሜትር ኩብ ለሚገዛ ሰው ይህ ማለት የአየር ዋጋ መክፈል ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቀጥ ባለ ዕቃ እርጥቡን አሸዋ ሞልቶ ከፍታውን መለካት፣ ከዚያ አውጥቶ ውሃ ባለበት በዚያው ዕቃ እያማሰሉ መመለስና አሸዋው የሰፈረበትን ከፍታ ማየት። ልዩነቱ ለአቅራቢው የሚቀርብ መከራከሪያ ነው። በክብደት መግዛት ከተቻለም የውሃውን ክብደት እየገዙ እንደሆነ አይርሱ።

የአንድ ሥራ ነጠላ ዋጋ ከአምስት ነገር ይሠራል፤ ከዕቃ፣ ከጉልበት፣ ከመሣሪያ፣ ከተቋራጩ አስተዳደራዊ ወጪና ከትርፉ። የተቋራጭን ትርፍ መደበቅም ማሳነስም አይጠቅምም። ትርፍ የሌለው ተቋራጭ ትርፉን ከሲሚንቶው ይፈልጋል።

ከተማው የሚያስከፍለው

ያው ሕንፃ ሰፊ ሜዳ ላይ ቢሠራና ጥቅጥቅ ባለ ከተማ ውስጥ ቢሠራ የአርማታው መጠን አንድ ነው፣ ወጪው ግን የተለያየ ነው። ልዩነቱ የሚገኘው በቦታና በሰዓት ነው።

ከቁፋሮው እንጀምር። በቤታችን ሥር 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ምድር ቤት ቢታሰብ 10 በ20 በ3 ሲባዛ 600 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ይላላል፤ በሩብ ቢጨምር መኪና ላይ የሚጫነው 750 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ 47 ምልልስ ነው። ዋጋ ሰጪው በ600ው አስልቶ የጭነት መኪናው ባለቤት በ750ው ቢያስከፍል ልዩነቱ የማን ነው? ውሉ ላይ «በተፈጥሮ ይዞታው የተለካ» የሚል ቃል ከሌለ የእርስዎ ነው። ብዙ ትልልቅ ከተሞች ደግሞ ከባድ መኪና በቀን እንዳይገባ ይከለክላሉ። ምልልሱ ሌሊት ከሆነ የሌሊት ክፍያ፣ መብራት፣ የጥበቃ ሰው፣ ጠዋት መንገድ የሚያጸዳ ሠራተኛ ይመጣል።

ቁፋሮው ከጎረቤት ግድግዳ ሥር ሲደርስ ሌላ ወጪ ይከፈታል፤ የመደገፊያ ሥራ። ይህ ከመሠረቱ ጋር ተደባልቆ ሳይሆን በራሱ መስመር መጻፍ አለበት። ከቁፋሮው በፊት የጎረቤቱን ቤት ከባለቤቱ ጋር ሆነው፣ ቀን ተጽፎበት፣ ስንጥቅ በስንጥቅ ፎቶ ያንሡት፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። አንድ የማውቀው ባለ ሕንፃ ይህን ባለማድረጉ ከእሱ ቁፋሮ በፊት የነበሩ ስንጥቆችን ሁሉ አሳድሷል። ፎቶው ቢኖር ኖሮ የሚያወጣው ወጪ ግማሽ ቀን ነበር።

ቀጥሎ ማከማቻ ነው። ያንን ሶሌታ እናስታውስ፤ 210 ከረጢት ሲሚንቶ 10.5 ቶን ነው፣ ከሱ ጋር በግምት 15 ሜትር ኩብ አሸዋና 24 ሜትር ኩብ ጠጠር ይፈለጋል። ሕንፃው ቦታውን ሙሉ በሙሉ ከያዘው የት ይራገፋል? እግረኛ መንገድ ላይ ከሆነ የማስፈቀጃ ክፍያ አለ፣ የሚበተነው አሸዋ አለ፣ የሚሰረቀው አለ። ስለዚህ ከፋብሪካ ተቀላቅሎ የሚመጣ አርማታ በሜትር ኩብ ሲታይ ውድ ቢሆንም ሲደመር ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። 30 ሜትር ኩብ 8 ሜትር ኩብ በሚይዝ መኪና አራት ምልልስ ነው። ሲያወዳድሩ ግን ከዋጋው ላይ የፓምፑን ኪራይና ጎዳና ላይ ሲዘገይ የሚታሰበውን የመጠበቂያ ክፍያ ይደምሩ። አርማታ በትራፊክ ውስጥ አይታገሥም፤ ጊዜው ካለፈበት መኪናው እንዳለ ይመለሳል።

የሠራተኛ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ፣ አጥር፣ ጊዜያዊ መብራትና ውሃ፣ የመንገድ ዳር ጥበቃ መረብ፣ ኢንሹራንስ፣ የፈቃድና የቁጥጥር ክፍያ፣ የአማካሪው ክፍያ። እነዚህ ሁሉ አንድ ገጽ ይሰጣቸው። አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ የሚከፈሉ፣ አንዳንዶቹ በየወሩ የሚከፈሉ ናቸው፤ ሁለቱን መለየት ሥራው ሲዘገይ ስንት እንደሚጨምር ወዲያው ያሳያል።

ጣሪያው ሲደርስ ገና ነው

አጽሙ ሲቆም ዘመድ እንኳን ደስ አለህ ይላል። እኔ በዚያን ዕለት ቀሪውን ገንዘብ ነው የምጠይቀው። ፕላኑ ገና ሳይቆጠር ለመነሻ ያህል ብቻ የግንባታውን ወጪ ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ፤ አንዱ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ላለው አጽም፣ አንዱ ለግድግዳና ለማጠናቀቂያ፣ አንዱ ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለአሳንሰርና ለመሳሰለው። ቆጠራው ሲያልቅ ክፍፍሉ ይስተካከላል፤ ሆኖም አጽሙ ግማሽ መንገድ ነው ብሎ የተነሣ ሰው ገንዘቡ የሚያልቅበት ቦታ ከአሁኑ ይታወቃል።

ከበጀት ውጭ ሆነው ደጋግሜ የማያቸው እነዚህ ናቸው፤ የውሃ መከላከያ ንጣፍ ለመታጠቢያ ቤቶችና ለጣሪያ፣ የውሃ ታንከርና ፓምፕ፣ የመጠባበቂያ ጀነሬተር፣ የመብራት ኃይል ማሳደጊያና ትራንስፎርመር፣ የእሳት ማጥፊያ መስመር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የግቢ ንጣፍና የዝናብ ውሃ መውረጃ። ከሁሉም የውሃ መከላከያው ያናድደኛል። ሴራሚኩን ለመምረጥ ሳምንት የሚፈጅ ሰው ከሴራሚኩ ሥር ስለሚገባው አይጠይቅም፤ ሲያፈስ ግን የሚነሣው ያ የተመረጠው ሴራሚክ ነው።

ሴራሚክ በካርቶን እንጂ በካሬ አይገዛም። 60 በ60 የሆነ ሴራሚክ አንዱ 0.36 ካሬ ሜትር ነው፤ አራት የሚይዝ ካርቶን 1.44 ይሸፍናል። 3.50 በ4.20 ሜትር የሆነ ክፍል 14.7 ካሬ ሜትር ነው፣ ሆኖም 6 በ7 ረድፍ፣ ማለትም 42 ሴራሚክ ይጠይቃል፤ 11 ካርቶን። በየክፍሉ እንዲህ እየተሰላ ይደመር። ከተመሳሳይ የምርት ቁጥር ጥቂት ካርቶን አስቀምጡ፤ ከዓመት በኋላ ያው ቀለም አይገኝም።

አርክቴክቱ ፕላኑን ሲሠራ የሁለቱን ቤት መታጠቢያና ወጥ ቤት ጀርባ ለጀርባ፣ ከወለል ወለልም አንዱን በአንዱ ላይ ካደረገው የቧንቧ መውረጃው ያጥራል። ይህ ገና በእርሳስ ሳለ የሚገኝ ቁጠባ ነው። ሥራ ከተጀመረ በኋላ ወጥ ቤት ማዛወር ግን የተሠራውን ማፍረስ፣ አዲሱን መሥራትና በመካከል የቆመውን ሠራተኛ መክፈል ማለት ስለሆነ አንዱ ሥራ ሦስት ጊዜ ይከፈላል።

ጊዜ ሲታሰብ

ብድር ካለ ወለዱ እንደ አንድ ሥራ በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። ለምሳሌ 100 ተበድረው፣ በ18 ወር ውስጥ እኩል በእኩል እያወጡ፣ ዓመታዊ ወለዱ 15 በመቶ ቢሆን በአማካይ በእጅዎ ያለው ዕዳ 50 ነው። 50 ሲባዛ በ15 በመቶ ሲባዛ በአንድ ዓመት ተኩል 11.25 ይሆናል። ሥራው በመጨረሻው ላይ ስድስት ወር ቢዘገይስ? አሁን ዕዳው ሙሉ 100 ነው፤ የስድስት ወሩ ወለድ 7.5 ነው። የ18 ወሩ ወለድ ሁለት ሦስተኛ በስድስት ወር ውስጥ ተከፈለ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የሚመጣ መዘግየት ከመጀመሪያው መዘግየት ይልቅ የሚከብደው ለዚህ ነው። አሳንሰር፣ አሉሚኒየም፣ ትራንስፎርመር የመሳሰሉ ለመድረስ ወራት የሚፈጁ ነገሮች አጽሙ ገና እየወጣ ሳለ ይታዘዙ።

የዋጋ ንረትን ከመጠባበቂያ ጋር አያደባልቁ። ንረት የሚነካው ያልተገዛውን ብቻ ነው። ከጠቅላላው 40 በመቶ ከተገዛ በኋላ ዋጋ በ20 በመቶ ቢጨምር የሚጎዳዎ 60ው ነው፤ ጭማሪው ከጠቅላላው በጀት 12 በመቶ ይሆናል። አስቀድሞ መግዛት የሚያዋጣው ለሚቆይ ዕቃ ነው። ብረት ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከዝናብ ተሸፍኖ ይቆያል። ሲሚንቶ ግን እርጥበት ይስባል፤ ወራት ሲቆይ ጉልበቱ ይቀንሳል። «ሲሚንቶ ሊወደድ ነው» ሲባል ለሕንፃው ሁሉ የሚበቃ ሲሚንቶ ማከማቸት ኪሳራን በከረጢት መደርደር ነው።

መጠባበቂያው በፕላኑ ብስለት ይወሰን። የአፈር ምርመራውም አራቱም ጥራዝ ፕላንም ካለ እኔ 5 በመቶ እይዛለሁ፤ ስትራክቸሩ ካላለቀ 10፤ ያለው ረቂቅ ብቻ ከሆነ 15ም አያንስም። መጠባበቂያ የተሻለ ሴራሚክ መግዣ አይደለም። መሠረቱ ተሠርቶ ከመሬት ሲወጣ አብዛኛው ያልታወቀ ነገር ስለሚያልቅ፣ የተረፈውን መጠባበቂያ እንደገና መመደብ የሚቻለው ያኔ ነው።

ውሉና ክፍያው

ዋጋ የሚሰጡት ተቋራጮች ሁሉ እርስዎ ባስቆጠሩት አንድ የሥራ ዝርዝር ላይ ይሙሉ። እያንዳንዱ የራሱን ዝርዝር ይዞ ከመጣ የሚወዳደሩት ዝርዝሮቹ እንጂ ዋጋዎቹ አይሆኑም።

ድምሩን ብቻ አይተው አይፍረዱ። የቁፋሮውንና የአጽሙን ነጠላ ዋጋ ከገበያ በላይ ሰቅሎ የማጠናቀቂያውን ከገበያ በታች ያወረደ ተቋራጭ በድምሩ አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ገንዘቡን በጊዜ ይሰበስባል፤ ልስኑ ላይ ሲደርስ ለመቆየት የሚያስገድደው ጥቅም የለውም። ነጠላ ዋጋዎቹን ከራስዎ ግምት ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ፤ የተጋነነው ከታየ ድምሩ ሳይነካ እንዲያስተካክል ይጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ1913 የተመሠረተው የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ፊዲክ፣ የሚያሳትማቸው የውል ቅጾች በዓለም ዙሪያ ይሠራባቸዋል። ለአንድ አነስተኛ አፓርታማ ሙሉው ቅጽ ሊበዛ ይችላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይወሰድ። ቅድሚያ ክፍያ በዋስትና ይሰጥ፤ ክፍያ በተለካ ሥራ ይሁን፤ ከየክፍያው የተወሰነ መያዣ፣ ለምሳሌ 5 በመቶ፣ ይቀመጥ፤ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ፣ ግማሹ የጉድለት ማረሚያ ጊዜው ሲያልቅ ይለቀቅ። የሥራ ለውጥ ያለ ጽሑፍና ያለ ዋጋ አይታዘዝ፤ ይህ ባለቤቱንም ይጨምራል።

ከዚያ በኋላ በወር አንድ ጊዜ አንዲት ገጽ ትበቃለች። በየሥራው አንጻር አራት ቁጥር፤ የተያዘው በጀት፣ ውል የተገባበት፣ እስከ ዛሬ የተከፈለው፣ ለመጨረስ የሚቀረው ግምት። ብዙዎች የተከፈለውን ብቻ ይከታተላሉ፤ የሚያድናቸው ግን አራተኛው ነው። የተከፈለውና የሚቀረው ተደምረው ከበጀቱ ካለፉ ዜናውን የሰሙት ገንዘቡ ሳያልቅ ነው።

ገንዘቡ እንደማይበቃ ከታየ የት እንደሚቆም አስቀድሞ ይወሰን። በሶሌታ መካከል መቆም አይቻልም። ደህና ማቆሚያ የሚባለው ጣሪያው ተዘግቶ፣ የዝናብ ውሃው መውረጃ ተሠርቶ፣ ውጫዊው ልስን ካለቀ በኋላ ያለው ነው። ከዚያ በፊት የግድ ከሆነ ወለሉ ተሞልቶ ምሰሶው ሳይጀመር ይቁም፤ ለቀጣዩ ወለል የወጡት ብረቶች በሲሚንቶ ውሃ ተቀብተው በፕላስቲክ ይጠቅለሉ፤ ሶሌታው ላይ ውሃ እንዳይጠራቀም መውረጃ ይከፈትለት። የኪራይ መደገፊያውና ስካፎልዲንጉ መሐንዲሱ በፈቀደበት ቀን ተነቅሎ ይመለስ፤ ሥራ ቆሞም ኪራዩ ይቆጥራል። የጥበቃውን ደመወዝ ደግሞ ለሚቆምበት ጊዜ ሁሉ ከቀሪው ገንዘብ ላይ አስቀድመው ይለዩ።